የመርሳው ፋጉሎ ቀማሽ

መርሳ ላይ ፋጉሎ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይበላል። ለእንግዳ ሰው ነገሩ ያስቀው ይሆናል። ፋጉሎ እኮ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው ጥቁርና ደረቅ ስባሪ ነው፤ በሬ ይደልብበታል እንጂ ለሰው ማዕድ አይቀርብም። ግን ልማዱ ቀልድ አይደለም፣ የመጣው ከሞት ነው። ድሮ አንድ ስግብግብ ነጋዴ ግራና ገበያ ላይ የጉሎ ፋጉሎ ከኑጉ ጋር ደባልቆ ሸጠ። ጉሎ ማለት በየቦዩ ዳር የሚበቅለው፣ ፍሬው ምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ተክል ነው፤ ተጨምቆ የሚቀረው ግን መርዝ ነው፣ ከብት በልቶት አይተርፍም። በዚያ ሳምንት ያለቀው በሬ ዛሬም ይወራል። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ገዢው ፊት ቆሞ ከጆንያው መሀል ቆርሶ፣ አኝኮ፣ ውጦ ያሳያል። አኝኮ የተፋ ሰው እንዳልቀመሰ ይቆጠራል፤ ከእሱ የሚገዛም የለም።

በዚህ ሥራ በመላው የሀብሩ ወረዳ ስሙ የገነነ ሰው ፍቅሩ ነበር፣ ባለ ዘይት መጭመቂያው ፍቅሩ። ቤቱ አስፋልቱ ዳር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከአውቶብስ የሚወርድ ሰው ሳያያት በፊት ሽታዋ ይቀበለዋል። ፍቅሩ ቁራሹን ምላሱ ላይ ጣል ሲያደርግ ኑጉ የጎጃም ይሁን የወለጋ፣ ማሽን ላይ አርሮ እንደሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ሻግቶ እንደሆነ ይናገራል። የሚቀምሰው የራሱን ብቻ አልነበረም። ከውርጌሳም ከግራናም ሌላ ሰው የሸጠላቸውን ተሸክመው እየመጡ "ጋሽ ፍቅሩ፣ ይቅመሱልን" የሚሉት ብዙ ነበሩ። ይቀምሳል፣ ይውጣል፣ ከዚያ የቆመው ሰው ሁሉ አፍ አፉን እያየ እስኪጨነቅ ድረስ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ ይወዳት ነበር። ቅመሙ እሷ ነበረች፤ ፋጉሎማ ምን ጣዕም አለው!

ዘይት ቤቷ የምትኖረው በጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ አገሩ ሥጋና ቅቤ ትቶ ወደ ዘይት ይዞራል፣ ፍቅሩም ቀን ከቀን ኑግ ይጨምቃል። ዘይቱን ጿሚው ይበላዋል፣ ፋጉሎውን በሬ ይበላዋል፣ ለፋሲካ ደግሞ ጿሚው በሬውን ይበላዋል። ፍቅሩ ይኼን ዙር ራሱ የፈጠረው ይመስል ይኮራበት ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያርደው የቅርጫ ሥጋ ተከፋፍሎ ቤት ሲገባ፣ የፋሲካን የመጀመሪያ ጉርሻ ለሚስቱ ለወርቅነሽ አጉርሶ "በዘይቴ የጾመ በበሬዬ ይፈስካል!" ይላል። ወርቅነሽ አፏን ሞልታ ትስቃለች። ልጅ የላቸውም፤ ያቺ ሳቅ ለሁለት ሰው ቤት ትበቃ ነበር።

ከዚያ የውጭው ፋጉሎ መጣ።

አመጣጡ ቀስ ብሎ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጀብሪል የሚባል ሾፌር ከጅቡቲ ወደብ በሚሌ በኩል ሲመለስ ጥቂት ጆንያ መርሳ ላይ አራገፈ። ጆንያው ነጭ ነው፣ መርሳ ውስጥ ማንም ሊያነበው የማይችል ጽሕፈት ታትሞበታል፤ ውስጡ ቢጫ የአኩሪ አተር ፋጉሎ። በቀጣዩ ዓመት ሙሉ መኪና መጣ። ከዚያ በኋላማ መንገድ በሰበብ አስባቡ እየተዘጋ ኑግ ሲጠፋና ዋጋው እሳት ሲሆን፣ የጀብሪል መኪና በየሳምንቱ መቆም ጀመረ። ሬዲዮው አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ፋጉሎ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው እያለ እንደ ምሥራች ያወራል። ኑግና ሰሊጧን በመርከብ ሸኝታ ፋጉሎ በመርከብ የምትቀበል አገር! ፍቅሩ ይኼን በሰማ ቁጥር ሬዲዮውን በእናቱም በአባቱም ይሰድበው ነበር። ሬዲዮው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ስፖርት ዜና ያልፋል።

ነጩን ጆንያ መርሳ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ምን አለበት? ሲራክ ነው። ሲራክ የፍቅሩ የክርስትና ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ፍቅሩ ዘይት ቤት አምጥቶ አሳደገው፤ ማሽን ማስነሳትንም፣ ፋጉሎ መቅመስንም ያስተማረው እሱ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለፍቅሩ በቀለለው ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ ፊት ለፊት ሱቅ ከመክፈቱ በፊት እንኳ ቀርቦ "አባባ፣ አብረን እንሽጠው፤ የአንቱ ስም ካለበት ሰው ያምነዋል" ብሎት ነበር። ፍቅሩ "እኔ ቤት የባዕድ ጥራጊ አይገባም" ብሎ አባረረው።

ሙሉው መኪና የተራገፈ ዕለት ገበያ ነበር። ሲራክ አንዱን ጆንያ ተሸክሞ አስፋልቱን ተሻገረና ፍቅሩ እግር ሥር አወረደው። ሰዉ ሥራውን ትቶ ከበበ።

"አባባ፣ አንቱ ሳይቀምሱት አንድ ጆንያ አልሸጥም" አለ።

ፍቅሩ ቆረሰ። አኘከ። እና ጥሩ ነበር። ንጹሕ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ያላረረ፣ ያልሻገተ፤ ከራሱ የኑግ ፋጉሎም የሚሻል። ምላሱ ዋሽቶት አያውቅም፣ በዚያች ሰዓትም አልዋሸውም። አንጀቱ እርር ድብን አለ። ያኘከውን ልጁ ጫማ አጠገብ እንትፍ አለው።

"ዐፈር ነው" አለ።

ሰዉ ተያየ። ከመሀል አለሚቱ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ በየዓመቱ አንድ በሬ ለፋሲካ ገበያ አድልባ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት። ቀስ ብላ፣ እንደ ማፈር እያለች፣ "ጋሽ ፍቅሩ፣ አልዋጡትም እኮ" አለች።

ክፋት አልነበረባትም። ልማዱን የሚያውቅ ሕፃን እንኳ የሚለውን ነው ያለችው። ፍቅሩ ግን ፊቱን አጥቁሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሲራክ ግራ ተጋብቶ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ራሱ ከጆንያው ቆርሶ አኘከ፣ ዋጠ፣ አፉን ከፍቶ አሳየ። ገበያው ተከትሎት አስፋልቱን ተሻገረ።

ከዚያ ቀን በኋላ የዘይት ቤቷ ነገር እየቆየ ተበላሸ። ዘይቱ ብቻውን ማሽን አያዞርም፤ የመብራቱንም የጥገናውንም የሚሸፍነው ፋጉሎው ነበር። ፋጉሎው ካልተሸጠ ዘይት ቤቷ ትዘጋለች፣ ዘይት ቤቷ ከተዘጋች ፍቅሩ ማን ነው? ይኼን እሱም ያውቃል፣ ወርቅነሽም ታውቃለች።

"ከልጁ ጋር ብትሠራ ምን ይልሃል?" አለችው አንድ ቀን። "ልጅህ ነው እኮ።"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"እኔስ? እኔም ሞቼ ልገኝ?"

ተነስቶ ወደ ደጃፉ ወጣ። እሱን የሚያንገበግበው የገዢው መቅረት ብቻ አልነበረም። ሰው ያልፋል፣ ቆቡን አንስቶ ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ማዶ ተሻግሮ ነጭ ጆንያ ተሸክሞ ይመለሳል። ቅመስልን የሚለው ጠፋ። ምላሱ ሥራ ፈታ። አንዳንድ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የራሱን ፋጉሎ እየቆረሰ፣ እያኘከ፣ እየዋጠ፣ ማንም ሳያየው ዝም ይል ነበር።

ለቅቀውት ከሄዱት የመጨረሻዋ አለሚቱ ናት። ሌላው ሰው ዘሎት ሲሄድ እሷ አንድ ተጨማሪ ጾም ከእሱ ገዛች። ዘንድሮ ግን ሁዳዴ እንደገባ መጣችና እንደ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች።

"ጋሽ ፍቅሩ፣ አይቀየሙኝ። የአንቱ ኑግ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ልጆች አሉብኝ። በሬዬ ካልደለበ ዓመቱን የምንከርምበት የለንም።"

ሌላው ሁሉ ሳይነግረው ነው የሄደው። እሷ ነግራው ልትሄድ መምጣቷ፣ ያ ጨዋነቷ፣ ከሁሉም በላይ አመመው። ፈገግ አለላት።

"ምን አስቀየመኝ? ሂጂ። በሬሽን ይባርክልሽ" አላት።

እሷም አመስግናው ሄደች።

ፍቅሩ አልፎ አልፎ ጉሎ ይጨምቃል። ዘይቱን ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ይወስዱታል፤ የሚተርፈውን መርዝ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አመድ ነስንሶ ይቀብራል። ዶሮ እንኳ እንዳይደርስበት ድንጋይ ይጭንበታል። በዚህ ጥንቃቄው ወርቅነሽ ትሥቅበት ነበር፣ ሬሳ ቀባሪ ትለዋለች። ያን ሰሞን የጨመቀውን ግን አልቀበረውም። የማዳበርያ ከረጢት ውስጥ ቋጥሮ ከማሽኑ ኋላ ሸጎጠው። ለምን እንዳስቀመጠው ራሱን አልጠየቀም።

ዓርብ ከሰዓት ከተማው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሲራክ ሱቁን ቆልፎ ሄዷል። አለሚቱ የገዛችውን ጆንያ፣ ሲራክ ፊቷ ቀምሶ የሸጠላትን፣ አፉን በሰማያዊ እራፊ አስራ ሱቁ በረንዳ ላይ ትታው፣ ከጸሎት ስትመለስ ልትወስደው ሄዳለች። በጾም፣ ያውም በዓርብ፣ የመበለት ጆንያ የሚነካ ሰው መርሳ ውስጥ ይኖራል ብላ አላሰበችም። አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ እንኳ አልነበረም። ፍቅሩ ከረጢቱን በጋቢው ሥር ይዞ ተሻገረ።

"አይሞትም" ይል ነበር ለራሱ፣ ሰማያዊዋን እራፊ እየፈታ። "ያስቀምጠው ይሆናል፣ ትንሽ ይከሳ ይሆናል። ሰው ይኼንን ሲያይ የውጭውን ይፈራል፣ ወደ እኔ ይመለሳል። በሬው ይድናል።" ጉሎ በሬ እንደሚገድል ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ሀብሩ ውስጥ የለም። ያን ቀን ግን ዕውቀቱን ቤቱ ትቶት ነው የወጣው። አፍስሶ፣ በክንዱ እስከ መሀል አማስሎ፣ እራፊዋን እንደነበረች አሰረ። ከዚያ ቤቱ ተመልሶ እጁን በደንብ ታጠበና ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ስግደቱ እንኳ አልቀረበትም።

አለሚቱ ጆንያውን ስትፈታ ቢጫው መሀል ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር አየች። የኑግ ፋጉሎ ቢሆን ባዕድ ነገር ገና ከሩቅ ትለይ ነበር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ነውና። የውጭው ግን ምን መምሰል እንዳለበት ማን ያውቃል? ሲያመርቱት እንዲህ ይሆናል ብላ፣ ከማሽላ አገዳው ጋር ለበሬዋ አቀረበችለት። በሬው ቡሬ ነበር፣ ጀርባው ላይ እንቅብ የሚያስቀምጥ ሰንጋ። እሷና ልጆቿ የጎደለባቸውን ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ነው ያስቀመጡት።

በማግስቱ በሬው አልነሳም አለ። ከዚያ ደም ያስቀምጠው ጀመር። ጥርሱን እያፋጨ፣ ዐይኑን እያጉረጠረጠ፣ አንገቱን ወደ ጎኑ እያዞረ ሆዱን ያያል። ልጆቹ ውሃ ይዘው ሲያባብሉት አለሚቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ አደረች፤ ሲነጋ ሞተ። በክት ነውና ሥጋው እንኳ ለማንም አልሆነም። ጎረቤት በገመድ ጎትቶ ገደል ጣለው።

ፍቅሩ ሊያጽናናት ሄደ። አዎ፣ ሄደ። ከብት የሞተበት ቤት መሄድ ወግ ነውና መቅረቱ እንዳያስጠረጥረው፣ ሄዶ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠ።

"ለልጆችሽ ቤዛ ይሁን" አላት። ከዚያ ሊይዛት ያልቻላት ቃል ከአፉ ወጣች። "ዐፈር ነው ብዬ ነበር እኮ።"

አለሚቱ ቀና ብላ አየችው። "ብለው ነበር" አለች። "ያኔ ሰምቼዎ ቢሆን።"

ይኼን ሲሰማ ሆዱ መባባት ነበረበት። ሆዱ ግን አልባባም፤ ደስ አለው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደስታው እግሩ ላይ ይታወቅ ነበር። ወርቅነሽ ምን አገኘህ ብትለው፣ "ሰው እውነቱ እየገባው ነው" አላት።

በገበያ ቀን ፍቅሩ የጠበቀው ሆነ። የእድሩ ዳኛ ደጀን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በከዘራቸው የዘይት ቤቷን ደጃፍ አንኳኩ። ከኋላቸው ሰው ተኮልኩሏል።

"አቶ ፍቅሩ፣ ሲራክ ሱቅ ሰው ተሰብስቧል። የሴትዮዋ ጆንያ ከነትራፊው እዚያ ነው። በዚህ ነገር ከአንቱ ሌላ የሚፈርድ የለንም። ይምጡና ይቅመሱልን።"

ይቅመሱልን! ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቷት ነበር። እጁን ታጠበ፣ ንጹሑን ጋቢ አወጣ፣ አስፋልቱን ሲሻገር ሰው ወዲህና ወዲያ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። የሚያደርገውን ያውቃል፤ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ያሸታል፣ "መርዝ ነው፣ ይቃጠል" ይላል። በሬ የገደለ ነገር ቅመስ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ዘይት ቤቷ ይመለሳል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ የነጩ ጆንያ መኪና ሳይቆም ወደ ወልድያ ያልፋል።

ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ከጆንያው ራቅ ብሎ ቆመ። ሲራክ ታሞ የሰነበተ ሰው መስሏል። እንቅልፍ እንዳላየ ዐይኑ ያሳብቃል። አለሚቱ ግድግዳው ሥር በነጠላዋ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ጆንያው መሀል ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ሰማያዊዋ እራፊ አጠገቡ ወድቃለች።

ፍቅሩ አፉን ሊከፍት ሲል ሲራክ ቀደመው።

"አባባ፣ እንኳን መጡ። ሻጩ እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የምውጠው እኔ ነኝ። አንቱ ነዎት ያስተማሩኝ። እኔ መርዝ ሸጬ ከሆነ መርዜ እኔንም ይግደለኝ። ከእኔ በኋላ አንቱ ቀምሰው ይፍረዱ።"

እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰደደና ከመሀል ዘገነ። መዳፉ ላይ ቢጫውና ጥቁሩ ተደባልቆ ታየ። ጥቁሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሲራክ አፉ ውስጥ ጨመረው። ማኘክ ጀመረ።

ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያልቅለት ነበር። ልጁ ይታመማል፣ ምናልባት ይሞታል፤ የውጭው ፋጉሎ ስም ይጠፋል፤ ዘይት ቤቷ ትድናለች። ፍቅሩ ይኼን አላሰበውም ማለት ውሸት ነው። አሰበው። የልጁ አገጭ ሲንቀሳቀስ እያየ አሰበው። ሕፃን ሳለ ጠበል ውስጥ ሲነከር በሁለት ክንዱ የተቀበለው፣ ማተብ ሲታሰርለት አንገቱን ደግፎ የያዘው ልጅ ነው። እያየውም ዝም አለ። የሲራክ ማንቁርት ከፍ ዝቅ ሲል ነው ድምፁ ሳያዘው የወጣው።

"ትፋው! ትፋው፣ ጉሎ ነው!"

የሲራክ አገጭ ተገታ። የቀረውን መሬት ላይ ተፋው። የዋጠውን ግን ዋጠው።

 ሰው ሁሉ የፍቅሩን አፍ ያይ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የወደዳት ዝምታ እንደገና መጣችለት። ደጀን ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ዞሩ።

"ከዚያ ቆመው፣ ሳይቀርቡ፣ ሳይቀምሱ፣ ጉሎ መሆኑን በምን አወቁ?" አሉት።

ሸተተኝ ሊል ነበር። ቃሉ ሳይወጣ አለሚቱ ከግድግዳው ሥር ተነሳች። ወደ ጆንያው ሄዳ አንድ እፍኝ ዘገነች፣ መጥታ ፊቱ ቆመች፣ እጇን ዘረጋችለት።

"ያን ዕለት አልዋጡትም ነበር" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ዛሬ ይዋጡት።"

የፍቅሩ እጅ ከጋቢው አልወጣም። አለሚቱ ጠበቀች።  ከዚያ እፍኟን ገለበጠችና ጫማው ላይ አፈሰሰችው።

ፍቅሩ አንድ ዱላ እንኳ አልተመታም። ሰው ሲራክን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ወልድያ ሐኪም ቤት ሲሮጥ እሱን ረሱት፤ ብቻውን አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ገባ። ሽማግሌ ተቀምጦ ፈረደበት፤ ጓሮው ያሰረውን የራሱን በሬ ለአለሚቱ እንዲሰጥ። አለሚቱ ራሷ መጥታ ፈትታ ነዳችው፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው ቀና ብላም አላየችው። ፖሊስ ሲጠይቀው ሲራክ አልጋው ላይ ሆኖ "የክርስትና አባቴ ነው፣ አልከስም" አለ። ፍቅሩ ይኼንን ሲሰማ ቢከሰኝ ይሻለኝ ነበር አለ። እውነቱን ነው። ታስሮ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው ይኖር ነበር።

ዘይት ቤቷን የዘጋት ሕግም ግብርም አይደለም። አንድ ሰው ኑግ ይዞ አልመጣም፤ አንድ ሰው ዘይት ቀድቶ አልሄደም። መርዝ የደባለቀ እጅ የጨመቀውን ማን ይጾምበታል? ከሰሞነ ሕማማት በፊት ወርቅነሽ ቤት ውስጥ የነበረውን ዘይት ማሰሮ በማሰሮ እያወጣች ቦይ ውስጥ ስትደፋው ፍቅሩ አያት። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። ከማዶ የጀብሪል መኪና ቆሞ ነጭ ጆንያ ይራገፋል፤ ሰልፉ ከበፊቱ ረዝሟል። ሬዲዮው በዚያው ሰሞን ዘንድሮ ከውጭ የሚገባው ፋጉሎ ካምናውም እንደሚበልጥ ተናገረ። ፍቅሩ አልሰደበውም።

ፋሲካ መጣ። ቅርጫ ሲጠራ ፍቅሩን ማንም አልጠራውም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ትንሽ ጋደም ብለው፣ ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ ቤት ሥጋ ይከተፋል፤ የእነሱ ቤት ምድጃ ብቻ ዝም ብሏል። በሩ ተንኳኳ። ሲራክ ነበር። ኮቱ ሰፍቶት፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ከራሱ ድርሻ የከፈለውን ሥጋ በሳሕን ይዞ መጣ።

"እንኳን አደረሳችሁ" አለ። የፍቅሩን ጉልበት ሳመ፣ ወርቅነሽን ሳመ፣ ቁጭ በል ሳይሉት ሄደ።

ወርቅነሽ ጠበሰችው። የሽታው ነገር! በነጩ ጆንያ የደለበ በሬ ነው፤ ስቡ ድስቱ ውስጥ ይዘፍናል። ማዕዱ ቀረበ። ፍቅሩ አንዱን ቆርጦ ቀመሰ፤ ምላሱ እንደ ወትሮው አልዋሸውም። ጥሩ ሥጋ ነበር። ዘይቴ፣ በሬዬ የሚላትን ቃል አላነሳትም። እንጀራውን ቆረሰ፣ ከሥጋው መርጦ ጠቀለለ፣ እንደ ሁልጊዜው የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ ሚስቱ አፍ ዘረጋ።

"እንኳን አደረሰሽ" አለ።

ወርቅነሽ እጁን አየችው። አፏ አልተከፈተም።

"በሞቴ" አላት።

"መጀመሪያ አንተ ዋጠው" አለች።

እጁ ትንሽ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው፣ አኘከ፣ ዋጠ። እሷ አትሥቅም፣ አታለቅስም፣ ትጠብቃለች።

"ክፈተው" አለች።

አፉን ከፈተላት። ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እጇን ሰደደችና፣ ለራሷ ቆርሳ፣ ለራሷ ጠቅልላ ጎረሰች።